መስመር አሥራ አራት

ሰርቪሱ ከዳቶ ሳይነጋ አፍሶን፣
በር ላይ ሲዘረግፈን ሰማያዊ ለብሰን፣
ለጥበቃው አንድ ነን፣ ባጅና መታወቂያ፣
ለሚስተር ሱኒልም አንድ ነን፣ «ኢትዮጵያ»።
ከበሩ ስንገባ ነው ስፌቱ መተርተሩ፦
ዱካሌ ከይርጋለም፣ ቦንቱ ከሻሸመኔ፣
ስንዱ ከወዲያ ማዶ፣ ከጎንደር ከሀገሩ፣
ምትኬ ከጨንቻ፣ ከጨንቻ እንደ እኔ።

ባለፈው ሚያዝያ ሱፐርቫይዘር አሉኝ፣
አረንጓዴ ሻሽና እስኪርቢቶ ሰጡኝ።
የዚያኑ ቀን ምሳ፣ ገና ሳልቀመጥ፣
ጥያቄው ቀደመኝ ከወንበሩ ወዲያ፦
«የማን ልጅ ናት እሷ?»
ስሜን መጠየቅ መሰላችሁ?
«ለማን ታደላለች?» ማለት ነው ትርጉሙ።
አንዷ ቃናዬን ሰማች፣ አንዷ የአባቴን ስም፤
ቀሪውን ሸመኑት።
«የሸማኔ ልጅ ናት።» ማንም አልሰደበኝም፤
ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወራ።

እውነት ነው። አባቴ ጫልቄ ሸማኔ ነው፤
እግሩን ጉድጓድ ሰዶ ዕድሜውን ረገጠው።
የሠራውን ጋቢ ተከናንበው ሲሄዱ፣
ጋቢውን ወደዱ፣ ከእሱ ግን አልተዋለዱ።

ግድግዳችን ላይ አለ፣ በትልቁ ተጽፎ፣
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፣ ፎቶ ተለጥፎ።
የጻፈው ሰውዬ ድር ነክቶ አያውቅም።
ድር ዝም ብሎ አያብር፣ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣
በገንፎ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይገረፋል፣
አንድ በአንድ፣ ክር በክር፣ በቀዳዳው ያልፋል፤
የተበጠሰው ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ግን አይጠፋም፣
ጣት ሲያልፍበት ያውቀዋል፣ ዓይን ባያየውም።

እኔስ? ልንገራችሁ።
ምትኬን ስጠራት ድምፄ ይለሰልሳል፣
«ነይ እስቲ እህቴ» ይላል በቋንቋችን፤
ዱካሌን ግን በቁጥር፦ «ሠላሳ ሰባት!»
ሳላውቀው። የገዛ ጆሮዬ ሳይነግረኝ።
አንድ ቀን ዱካሌ ኮሌታ እየሰፋች፣
ቀና እንኳ ሳትል «ስም አለኝ» አለች።
ሦስት ፊደል ናት። ከቁጥሯ ታጥራለች።

ሐምሌ ላይ፣ ጭነቱ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
አርባ ጥንድ እጅጌ ቀኙ በግራ ተሰፋ፤
ትኬቱን ሳነበው የምትኬ ቁጥር ነው።
መኪናው ሁሉ ዝም አለ። አንገት ሁሉ ዞረ፣
እስኪርቢቶዬን ያያል፣
ወደ ላይ እንደተወረወረ ሳንቲም።
እናቷ በዚያው ሳምንት ከጨንቻ ደውላ
«አንቺ አለሽላት» ብላኝ ነበር፣ «ማን አላት ሌላ?»

ጻፍኩት።
ስሟን ከነአባቷ። የሦስት ቀን ደሞዝ ሄደ።

«ጎሽ» የሚል ጠበቅኩ። ሞኝ ነኝ።
ስንዱ ለጎረቤቷ፦ «እንዳትታማ ነው።»
ቦንቱ፦ «በእኛ ቢሆንማ ታባርረን ነበር።»
ምትኬም ቋንቋችንን እንደ ጫማ አውልቃ፣
«እሺ ሱፐርቫይዘር» ትለኛለች፣ በአማርኛ፣ ተጠንቅቃ።
ብምር ለወገን ነው፣ ብቀጣ ለታይታ፤
ሰው ሳልሆን ምልክት ነኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

የዚያን ቀን ሲመሽ፣ ሰርቪሱ ሲሄድ፣
የሐዋሳ ሐይቅ ነፋስ በመስኮቱ ሲገባ፣
ምትኬ ብቻዋን እጅጌ ትተረትራለች።
ዱካሌ ተመለሰች። ማን እንዳላት አላውቅም።
ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ወደ እኔም ሳትዞር፦
«ጻፍሽባት። ደግ። አሁን መቀስ አምጪ።»

አረንጓዴውን ሻሽ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።
ሦስታችን፣ አንድ አምፖል፣ አርባ ጥንድ እጅጌ።
ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት፣ ክሩ እጄ ላይ ሲበጠስ
በሁለት ጣት ቋጠርኩት፤ ዱካሌ አየችና፣
«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ» አልኳት፣ «ሸማኔ ነው»፣
መኪና እንደሚጮህበት ጊዜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤
ግን ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

ምትኬ ቀና አላለችም።
እጇን ብቻ ዘረጋች፤ የተቋጠረውን ክር
ተቀበለችኝ፣ ዳሰሰችው፣
ሥራዋን ቀጠለች።