ጣሪያና በር

ግንቦት ነው። ማራገቢያው ትኩስ አየር ያማስላል፣
የፊርማዬ ቀለም ሳይደርቅ ላቤ ቀድሞ ያበላሻል።
አምስት ነን፤ ከሲሚንቶው አቧራ መሐል ተለቅመን፣
የዘንድሮን የሕክምና መድን ምረጡ ተብለን፣
በእኔ መጋዘን ጠረጴዛ፣ በጆንያ ክምር ተከበን።

ሁለት ኩባንያ፣ ሁለት ሰነድ፦
አንዱ ወፍራም፣ ባለቀለም፣ ሐኪሙ ፈገግ ያለበት፤
አንዱ ቀጭን፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስቴፕለሩ የዛገበት።

ደምመላሽ ከሒሳብ ክፍል ሠንጠረዥ ሠርቶ መጣ፦
ለዋጋው ሠላሳ ነጥብ፣ ለሽፋኑ አርባ አወጣ፣
ለመልካም ስም ሃያ ሰጥቶ፣
«ለልዩ ልዩ» አሥር ትቶ፤
ጤናችን እንደ ክፍል ፈተና ታረመ ከመቶ።

ወፍራሙ አሸነፈ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤
በዓመት መቶ ሺህ ብር ለአንድ ሰው።
ቀጭኑ አርባ ሺህ ላይ ይቆማል።
«ታዲያ ይኼ ምን ያከራክራል?»
አለ ደምመላሽ። እኔም ብዕሬን አነሳሁ፣
ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሌላውን ሁሉ ረሳሁ።

ኢፍቱ ናት፣ የክሊኒካችን ነርስ፣ ገጽ አሥራ ሰባትን የገለጠች፣
መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ቀስ ብላ ያነበበች፦
«ታካሚው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ያቀርባል፤
ኩባንያው በአርባ አምስት የሥራ ቀን አጣርቶ ይተካለታል።»
ዝም አለች። እኛም ዝም አልን።
ሁላችንም አንድ ሰው መጣብን።

ሮብሌ።
የጫኝ ቡድኑ ሮብሌ፣ አምና፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሂቦን በባጃጅ አሳፍሮ፣ ምጥ ጠንቶባት፣
ደቻቱን ሁለቴ ተሻግሮ፣ ከአንዱ በር ወደ አንዱ በር፣
«መጀመሪያ ማስያዣ» ሲሉት ኪሱን ሲዳብስ ነበር።
ሰዓቱንም አስያዘ፣ መታወቂያውንም አስያዘ፤
የባጃጁ ልጅ የቀን ገቢውን ከኪሱ መዘዘ።
ገንዘቡ ሲሞላ ነጋ። ሂቦ ተረፈች፤
ስም ያሰበችለትን ልጅ አንዴም ሳትጠራው ሸኘች።

መቶ ሺህ የሚል ጣሪያ ለሮብሌ ምኑ ነው?
ሰማይስ ከፍ ያለ ጣሪያ አይደል? በረንዳ አዳሪው ሁሉ ያለው።
ቤት የሚለካው በበሩ ነው፤ ሲንኳኳ ማን ይከፍታል?
በሌሊት ይከፍታል?
ባዶ እጅ ያስገባል?
እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ የያዝኩ ሴት፣
ይህን መጠየቅ ነበረብኝ ከሁሉም በፊት።

ቀጭኑን ገለጥነው። ገጽ አራት፦ «መታወቂያ ማሳየት ይበቃል።»
ሳቢያን ያለው ሆስፒታል ከነስልኩ ተጠቅሷል።
ግን ጥርስ የለውም፣ መነጽር የለውም፣ እናት የለውም፤
«ቤተሰብ» ማለት የትዳር ጓደኛና አራት ልጅ ነው፤ የወለደችን አትገባም።
ወፍራሙ ለወላጅ ቦታ ነበረው።
ጋሽ ወርዶፋ፣ የበር ጥበቃው፣ እጁን ለማውጣት አመነታ፤
«እሷ እኔን ስትሸፍነኝ ውል አልነበራትም» አለ፣ አቀርቅሮ ለአፍታ።
ከዚያ የሮብሌን ወንበር አየ፤ ባዶ ነው፤ ጭነት ላይ ነው።
እጁን አወጣ።

አራት ለአንድ።

ቃለ ጉባኤውን ጽፌ፣ ፈርመን ልንበተን ስንል፣
አብዱልናስር ከድንጋይ ወፍጮው፣ አምስተኛችን፣ ሲስል፣
ዓይኔ ወደቀ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም በመድኑ አይካተትም።»
በሁለቱም አለ፤ ቃል በቃል፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም።

አብዱልናስር ሳቀ፤ ሲስቅም ሳለ።
እኔ ከፊርማዎቹ በላይ፣ ባዶ በቀረው መስመር፣
ለሥራ አስኪያጁ ይድረስ ብዬ በቀይ ጻፍኩ፦
«ሳሉ ከውሉ ይቀድማል፤ ልክ ነው።
ወፍጮው ግን ከሳሉ ይቀድማል።
ይኼስ በየትኛው አንቀጽ ይታያል?»

መልስ እስካሁን የለም።
ለመታወቂያው ፎቶ አምጡ ብለን ለጥፈናል፤ ሁለት ጉርድ።
ቀድሞ ያመጣው አብዱልናስር ነው፤
ሸሚዙን አጥቦ፣ ከቅንድቡ አቧራውን ጠርጎ፣
እንዳይስል ትንፋሹን ይዞ የተነሳው።