በየስማቸው

ኦዥቤይ ደወለ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
የመጋቢት በረዶ ጣራው ላይ እንደረጋ።
«የርኔያ፣» አለኝ፣ «ስልኬ ባዶ ሆነ፣
አርባ ሦስት ቀፎዬ የት ገባ? የት ባከነ?»
አርባ ሦስት ቀፎ፣ የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ፣
የንግሥቲቱ ዕድሜ፣ የማር ልክ፣ የክረምት ረሃብ፣
ሁሉም በኔው ኮድ ውስጥ ታጥፎ ታሽጎ የኖረ፤
ፈቺው ግን እንቢ አለ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ
አሮጌውን አፈታት ጥዬ ያለ ይሉኝታ
ዘበኛ አቆምኩኝ ከፋይሉ በር ላይ፦
«ስሙን ያልነገርኩሽን አታሳልፊ፣
ቢመጣም ከሰማይ።»

«ማን ይለፍ?» አለችኝ። «ዝርዝር» አልኳት ብቻ።
ዝርዝሩ መጣና ቆመ ከደጇ ዳርቻ፤
ከረጢቱን አየች፣ ከረጢቱን አወቀች፣
እጇን ከተተችና ውስጡን ዳበሰች።
«ይሄ ደግሞ ማነው? ቀፎ የሚባል ስም
ከሰጠሽኝ ወረቀት ላይ የለም» አለች፣ «የለም።»
ልክ ነበረች። እኔ ከረጢቱን ስፈቅድ
መስሎኝ ነበር እህሉም አብሮ የሚፈቀድ።

አንዲት ቃል ነበረች፤ አውቃለሁ ቦታዋን።
«እውነት» የሚለውን «ሐሰት» ባደርገው ታነሣለች እጇን፤
ዘበኛዋ ትተኛለች፣ ፋይሉ ይከፈታል፣
ኦዥቤይ ቁርሱን ሳይበላ ስልኩ ይሞላለታል።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

ግን ትዝ አለኝ አምና፣ በነሐሴ፣
የከፈትኩት ፋይል፣ አምኜው እንደ ራሴ፤
ላዩ ቀፎ ይላል፣ ውስጡ ሌላ ነገር፣
ገና ሲፈታ ነው የጀመረው መናገር።
ማንነቱን ሳልጠይቀው ራሱን ሠርቶ ቆመ፤
ከዚያ በኋላ ብጠይቅ ምን ዋጋ አለው?
ሥራውን ፈጸመ።

ጣቴን አነሣሁት።

ሲነጋ ሄድኩ ኦዥቤይ ዘንድ፣ በጭቃ፣ በቡትስ ጫማ፤
ከተቀባው ቀፎ ፊት ቆሟል፣ ዝም ብሎ ሲሰማ።
በየቀፎው ግንባር ሥዕል አለ፤ አንዱ ላይ አራዊት ተሰልፈው
አዳኙን ሊቀብሩት ይሄዳሉ ተሸክመው።
አልተቆጣኝም። በጣቱ አሳየኝ መግቢያውን፣
የጠዋት ፀሐይ አታልላ ያወጣቻቸውን፤
ሲመለሱ ደግሞ ደፉ ላይ የቆመች አንዲት ንብ
አንድ በአንድ ስትዳስስ፣ አንድ በአንድ ስታነብ።
«የምትመረምረው» አለኝ፣ «ክንፏን እንዳይመስልሽ፤
ክንፍማ ሌባም አላት፤ ጠረኗን ነው፣ ልንገርሽ።»

ተመልሼ ጻፍኩላት፦
ዝርዝር፣ ቀፎ፣ ንግሥት፣ ቀን፣ ቁጥር፣ ጽሑፍ፤
ከነዚህ ሌላ ማንም በዚህ በር አይለፍ።
አስኬድኩት።
እንደገና ባዶ።

የስህተቱን መልእክት አነበብኩ ወደታች፣ ወደታች፤
«ጠፍ-ቀፎ የሚባል አለ፤ ስሙን አልሰጠሽኝም» ትላለች።
ጠፍ-ቀፎ! ማን ጻፈው? እኔው፣ በመጀመሪያው ክረምት፣
የኦዥቤይ ሚስት፣ ጺልካ፣ በሞተችበት፣
ዘጠኝ ቀፎ ባንድ ሳምንት ፀጥ ባለበት።
«ካሉት ጋር አትቀላቅይብኝ የሞቱትን» ቢለኝ
ለብቻ የሠራሁላቸው ዓይነት ነው፤
ሁለት መስመር ነበር፤ እንዴት እንደጠፋኝ!
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዝርዝሩ መሀል ተቀምጠው
እኔ ብቻ ነበርኩ የረሳኋቸው።
ለካ የአንድ ሙት ስም ካልተጠራ
ሕያዋኑም አይነሡ፤ ይቀራሉ ከሱ ጋራ።

ጨመርኩት፣ በመጨረሻ፣ ከጽሑፍ ቀጥሎ።
ሌላ ምንም አልነካሁም።

ከሰዓት በኋላ ኦዥቤይ ደወለ፤ ብዙ ዝም አለና
«መጡ» አለኝ፣ «ሁሉም። ዘጠኙም መጡ እንደገና።
አራተኛው ሥር ጺልካ በመኸር የጻፈችው አለ፤
አንድ ፊደል ዘላለች፣ ቃሉ ተሰናከለ።»
ላርመው ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣
«እንዳትነኪው» አለኝ፤ ከጀርባው ሰማሁ
የንቦቹን ድምፅ፣ ከዚያ የስልኩን መዘጋት።