ሰኞና ሦስቱ ቃል

ሰኔ ሲገባ፣ እዚህ ሙሐረቅ፣
ኮንትራት ሲያልቅ፣
ሰዉ ሻንጣውን ቆልፎ ሲርቅ፣
አውሮፕላን የማይጭነው ይቀራል ከደጅ፦
የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የተበላሸ ፍሪጅ፣
አንዳንዴም ውሻ።

ይቺን ያገኘናት ከመስጊዱ ጓሮ፣ ከኤሲው ቱቦ ሥር፣
የሚንጠባጠበውን በምላሷ ስትቆጥር።
አንድ ዓይኗ የለም።
ብትመዘን ከአንድ እሽግ ሩዝ አትበልጥም፤
ብትጠራት አትመጣም፣
ብታባርራት አትሄድም።

ማዳም ኸውላ በፎጣ ጠቅልላ አቀፈቻትና፣
«ሉባባ፣ አሥራ አንደኛዋ ናት፤ ትለምድሻለች ገና»
አለችኝ፤ ስልኳን አንስታ ወጣች።
ማዘኑ የእርሷ ነው።
ማጠቡ የእኔ።

እኔ ደግሞ የከሚሴ ልጅ ነኝ።
በእኛ ቤት ውሻ ደጅ ያድራል፤ ከገባም በፍልጥ ይወጣል።
ምራቁ የነካህን ሰባት ጊዜ ታጠብ፣ አንዱን በአፈር፣
ብለው ነው ሼሁ ያስተማሩን።
በዚህ በእብነ በረድ ቤት አፈር ከየት ይምጣ?
ከረይሓኑ ማሰሮ ጭብጥ፣ ጭብጥ ሳወጣ
ሥሩ እርቃኑን ቀረ።
ማዳም «ይሄን ተክል ምን ነካው?» ትላለች።
ዝም።

ስም የማወጣው በመጡበት ቀን ነው፤ በሌላ ስም ልቤ ይጣበቃል።
ሐሙስ ከኮሪያዊው መሐንዲስ ጋር ሄደ።
ሁለት ቅዳሜዎች ነበሩኝ፣ አንዱ ሞተብኝ በጆሮ መግል።
ከሰኞ ጋር የምንወጣው ከፈጅር በፊት ነው፣ አስፋልቱ ሳይግል፣
ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ።
ሦስት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች፣
ባላት ዓይን ዞራ ታየኛለች፦
አለሽ?
አለሁ።

እንግሊዝኛዬ ለሱቅ ነው፣ ዐረብኛዬ ለእሺታ፤
ለብቻዬ ሳወራ ግን አማርኛ ነው፣ ጠዋት ማታ፤
እርሷም የለመደችው እሱኑ።
«ነይ» ስላት መምጣት፣
«በቃ» ስላት መተው፣
የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ሲያጓራ
አልጋ ሥር ገብታ ስትንቀጠቀጥ
እኔም በደረቴ ተኝቼ፣ ጉንጬ ወለሉን ነክቶ፣
«አይዞሽ።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ።
ሰባት ሳምንት በላች፤ አንድ ቀን አልጮኸችም።
የምትበላበትን ገና አላመነችም።

በስምንተኛው ሰዎቹ መጡ፣ ከሪፋ።
አባት ፋርማሲስት፣ የኬረላ ሰው፤ ሚስቱ፤
የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ፣ ኒሚሻ።
ልጅቷ ተንበርክካ በእንግሊዝኛ ጠራች፤
በማላያላም ጠራች።
ሰኞ ወደ እኔ ዞረች።
«ደንቆሮ ናት እንዴ?» አለ አባት፣ በቀስታ።
«አይደለችም» አልኩ፣ ፊቴ እየጋለ፣
«አማርኛ ነው የምትሰማው።»

ማዳም ሳቀች።
ልጅቷ አልሳቀችም፤ እርሳስ አመጣች።
ሦስቱን ቃል በራሷ ፊደል ጻፈች፣
ክብ ክብ የሚል፣ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ።
ምኑ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።
ነይ፣ ለመጥራት። በቃ፣ ለመከልከል።
ሦስተኛውን እንዴት አድርጌ ልተርጉም?
«ስትፈራ ነው» አልኩ፣ «ፍርሃቱን ባያስቀርም።»

የምትተኛበትን አሮጌ ሻሼን ለሁለት ቀደድኩት፤
ግማሹን ሰጠኋት፣ ሽታ እንዲያደርስ።
መኪናው ሲነሳ መስኮቱ ላይ አንድ ዓይን አየሁ።
ማታ ማሰሮው ጋ ሄጄ አፈሩን ዳሰስኩት፣
ከዚያ ተውኩት፤
ሳልታጠብ ተኛሁ።

ሃያ ቀን አለፈ።
ማዳም ስልኳን ዘረጋችልኝ፦ «ሪፋዎቹ ናቸው፣ አንቺን ነው።»
ኒሚሻ ናት። ሰኞ ትናንት ጮኸች አለች፣
የጋዝ አመላላሹ በር ሲያንኳኳ፣ ሁለቴ፣ ጮክ ብላ!
ልስቅ ነበር። ሳቁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ፤
ያሉኝ ቋንቋዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፉኝ።

ወዲያ ማዶ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።
ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣
ፊደል በፊደል፣ በወለቀው ጥርሷ እያፏጨች፣
«አይ… ዞ… ሽ» አለች።
«ልክ ነኝ?»

ልክ ነሽ አልኩ።
እስቲ ድገሚው።