ለሚመለከተው ክፍል

ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ቀይ አፈር ሲጀምር፣ ታክሲው ሲንፏቀቅ በጭቃ፤
እዚያ ነው ቢሮዬ፣ ዝናብ ሲመጣበት ከበሮ የሚሆን ቆርቆሮ፣
የወረዳው መዝገብ ቤት፣ የአርባ ዓመት ወረቀት በአንድ ክፍል ታጉሮ።
የገበሬ ማኅበሩ፣ የቀበሌው፣ የወረዳው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኖ፤
ዘበኛው ይምላል፣ ሌሊት ሲያንኮራፋ ሰምቶታል፣ እንደ ሰው ሆኖ።

ስንዱ ናት አለቃዬ፤ አባቷ ስም ሲያወጣላት ሳያውቅ ተነበየ፤
ቁጥሩን ንገሯት እንጂ፣ ከእጇ ያመለጠ ፋይል እስከ ዛሬ አልታየ።
ገቢውን በሰማያዊ፣ ወጪውን በቀይ ቢክ ትጽፋለች፤
የመፈረሚያ ደብተሯን እንደ ሕፃን ታቅፋለች።
እኔ ተላላኪው ነኝ።

ሐምሌ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ደብዳቤ መጣ፤
የላኪው ማህተም ዝናብ ጠጥቶ፣ ከቀለሙ ወጣ።
«ጉዳዩ፦ የመንግሥት ደብዳቤንና የመዛግብት አያያዝን በበላይነት
የሚከታተለው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ስለማሳወቅ።»
ግርጌው ላይ «በአስቸኳይ»።
ቀኑ ከሦስት ዓመት በፊት።

ስንዱ ሳቀች። ሳቋን የመነጽሯ ጭጋግ ደበቀው።
«ይኸው ጠያቂ መጣ፤ መልሱን እሺ ማን ነው የሚያውቀው?»

ይዤው ወጣሁ።
የሰው ኃይሉ ኃላፊ «የእኛ ሰው ነው፣ ወረቀት አይደለም» አለ፤
ጠቅላላ አገልግሎቱ «ጠቅላላ ማለት ሁሉም ማለት አይደለም» ሲል ማለ።
ወደ ክፍለ ከተማ፣ ሁለት ታክሲ፣ አንድ ባጃጅ፣ የቀረው በእግር፤
«ፖስታ ቤት ጠይቅ» አሉኝ። ፖስታ ቤት «ማድረስ እንጂ ማኖር
የእኛ ሥራ አይደለም» አለችኝ ልጅቷ፣ ቴምብር ስትቆጥር።
አንዱ «ቤተ መዛግብት ነው»፤ ሌላው «እነሱ የሞተውን ነው የሚቀብሩ፣
ገና ነፍስ ያለው ወረቀት በየቢሮው ነው መንደሩ።»
ሦስተኛው አልመለሰም፤ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ገርበብ አለ በሩ።

በየደረስኩበት አንድ «ይመራ»፣ አንድ ፊርማ ያክሉበታል፤
ጀርባው ሞልቶ፣ ኅዳጉ ጠቦ፣ ጥያቄው ራሱ መሐል ይጠፋበታል።

መስከረም ላይ ተመለስኩ። በራችን ላይ ኦቦ ቱፋ ቆመዋል፣
ዱላቸው ጭቃ በጭቃ፣ በፌስታል ወረቀት ጠቅልለዋል።
እርሻቸው በነበረበት፣ ዛሬ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ልብስ ያሰጣል፤
«የካሳዬ ፋይል፣ ልጄ፤ ዞን ስሄድ ‹እዚያ ነው›፣ እዚያ ስሄድ ‹ከዞን ይመጣል›።»

ስንዱ ቁጥር ጠየቀች። ቁጥር የላቸውም። መሬቱ የተለካበትን ዓመት፣
ሜትር የያዘው ልጅ የወደቀበትን ቦይ፣ የዚያን ቀን ዝናብ ነገሯት።
ሦስት ካርቶን አነሣች። አራተኛው ሥር፣ ምስጥ ጎኑን የላሰው፣
«ቱፋ ቡልቶ» የሚል ፋይል፤
ቀስ ብላ አወጣችው፣ እንደታመመ ሰው።

ኦቦ ቱፋ አላነበቡም። ማህተሙን ብቻ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣
የበሬ ሻኛ እንደሚዳስስ ገዢ፤ ከዚያ ቀና ብለው ተነፈሱ።
«የማን መሥሪያ ቤት ነሽ፣ ልጄ? ልመርቀው።» ስንዱ ዝም አለች።
ያ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሰባት ማህተም የለበሰው፣
በየቢሮው ዞሮ ዞሮ፣ ሳይመለስ የተመለሰው።

ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ንጹሕ ወረቀት ሳበች።
«መልስ፦ ለጊዜው እኛ ነን» ብላ በቀዩ ቢክ ጻፈች።
ግን ለማን ይላክ? የላኪው ስም ዝናብ የጠጣው ነው።
አዲስ አቃፊ ከፈተች፤ ጥያቄና መልሱን አብራ
ምስጥ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

እኔ የታክሲዬን ሂሳብ ጠየቅኳት፤ መቶ ስልሳ ብር።
«ደረሰኝ?» አለች።
የለኝም።
«እንግዲያ ይቅር።»