ሦስተኛው ክፍል

"ካፒቴኑ ሞቷል!" አለ ይመር ቆሞ፣
ሻዩ መሬት ነካ ከቃሉ ቀድሞ።
"በሦስተኛው ክፍል፣ አየሩ ተሟጦ፣
ከመርከቧ ጓዳ በሩ ሥር ተቀምጦ፣
ሞቷል! አልቅሰናል አንድ ሰፈር ሙሉ፤
እነዚህ ከየት መጥተው አልሞተም ይላሉ?
እንዴት ባዲሱ ላይ ጢሙን ተላጭቶ
ይመጣል ሲስቅ፣ ሞቱን ረስቶ?"

ሸዋበር ላይ ነን፣ ከሻይ ቤቱ ጥግ፣
መስኮቱን ጋርዶታል የጦሳ ጭጋግ።
ሦስት ቀናችን ነው፣ ገና አልታረቅንም፣
አዲሱ ከወጣ እንቅልፍ የለንም።

ይመር ደብተር አለው፣ ላስቲክ የለበሰ፣
ከልጅነቱ ጽፎ ጠርዙ የተበጣጠሰ፤
የጨረቃዎቹ ቁጥር፣ የመብራቱ ቀለም፣
በሩ ወደ ቀኝ ከቶ እንደማይከፈት ዘላለም፣
ማን ከማን እንደሚወለድ እስከ ሰባት ቤት፣
እንደ ርስት ተሟጋች ቆጥሮ ያለ ስሕተት።

ዘሃራ ሳቀች። ከመድኃኒት ቤት ነው የመጣችው፣
ነጩን ካፖርት እንኳ ገና አላወለቀችው።
"እንደ አዲስ ካሉህ'ኮ እንደ አዲስ ነው፣
ቀኑ ያለፈበትን መደርደሪያ ላይ ማን ሊያቆየው?"

አራጋው የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ
ሁለቱን በአንድ አፍ ሊያስታርቅ ሞከረ፦
"ጊዜ ማለት ወላሂ እንደ ቦርከና ነው፣
ለሁለት ይከፈላል ድንጋይ ሲገጥመው።
ባንዱ ጅረት ሞቷል፣ ባንዱ ጅረት አለ፣
ኮምቦልቻ ላይ ይገናኛል የተነጠለ።"
"ኮምቦልቻ ላይማ" አለ ይመር፣
"ከፋብሪካ እጣቢ ጋር ነው የሚገናኘው!"

ከዚያ ድምፁ ሰለለ።
"ቃሉስ? የመጨረሻው ቃል የት አለ?
በሩን ተደግፎ፣ ላቡ በጢሙ ሲወርድ፣
'አብሽሩ' አላለም? 'መብራቱን አታጥፉ፤
እኔ ቀድሜ ልየው፣ ኋላ ትደርሳላችሁ'?
ባዲሱ የለም፣ ሰርዘውታል፤
ይህን የሰረዘ ምን ይሳነዋል?"

እኔ ያኔ ነቃሁ። አብሽሩ? አብሽሩ?
ከዘጠኝ ጨረቃ ማዶ የሆነ አገሩ፣
ቋንቋው የማይገባን የባዕድ ካፒቴን
እንዴት በደሴ አፍ አጽናናን?

ሹልክ ብዬ ወጣሁ፣ ሰኞ ገበያ ወረድሁ።
ጋሽ ሙሄ ጃንጥላ ይጠግናል አሁን።
በሃምሳ ሳንቲም ሰማይ ያሳየን እሱ ነበር፣
ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱላ ይዞ ቆሞ
የሁሉንም አፍ በአንድ ጉሮሮ፣
የሴቷን፣ የጠላቱን፣ የመርከቧን ሞተር ጭምር።

"ሦስተኛው ክፍል?" መርፌውን በከንፈሩ ያዘ።
"ሦስተኛው ክፍል አልነበረኝም፣ ልጄ።
ካሴቱ ሻግቶ መጣ። በረዶ፣ በረዶ ብቻ።
ስልሳ ሰው ከፍሎ ተቀምጧል፣
ገንዘቡን ደግሞ አከራዩ ወስዶታል።
እሑድ ወንድሜን ቀብሬ ነበር፣
ሐሙስ ሥራ ገባሁ።
በረዶውን ሳየው ጊዜ…
ቃሉን እኔ አልፈጠርሁትም።
እሱ አልጋው ላይ ያለውን ነው ያልሁት፣
ሰውየውን በሩ ሥር አስቀምጬ።"

እኔ ግን አይቼዋለሁ።
ጢሙን፣ ላቡን፣ በበሩ ስንጥቅ የገባውን ብርሃን፣
ዛሬም ብትጠይቁኝ አይቼዋለሁ።

ዝናብ ጀመረ። ሰው ሁሉ
ትዝ ብሎት ጃንጥላውን ሊወስድ መጣ።
መልስ እየቆጠረ ድንገት ቀና አለ፦
"አዲሱ ላይ ግን ይኖራል፣ አይደል?"
"ይኖራል። ይስቃል። ጢሙን ተላጭቷል።"
"እሰይ" አለ። ሌላ አላለም።
የጎበጠ ሽቦ በጥርሱ ማቅናት ቀጠለ።

ስመለስ ይመር ደብተሩን ገልጧል፣
ጣቱ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው።
"የት ጠፍተህ ነው? ና፣ ንገራቸው!"

ወንበሬን አነሳሁ፣
ዞሬ ከዘሃራ ጎን አደረግሁት።
"ከዳኸኝ?"
"ሻይ ድገሙን" አልሁ፣ "ለሱም ጨምሩለት፣
የሱ ፈሷል።"