እንትና

ለዓርብ አጥቢያ፣ በቂርያት መላኪ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤
የጎረቤቱ መስኮት ሁሉ ተራ በተራ ተከደነ።
እሑድ ጠዋት ያልቃል ብዬ ለኢታማር ቃል ገብቻለሁ፤
አንዲት ትንሽ ነገር ቀርታኝ፣ እዚህ ተገትሬ አለሁ።

አድማጭ ነው የምፈልገው። አንድ። ለአንድ ጊዜ ብቻ።
ሰውየው ቁልፏን ሲጫናት ሰምቶ፣
«እሺ» ብሎ፣ ደረሰኙን አውጥቶ፣
እንደ ጤዛ የሚጠፋ፤ ጎጆ የሌለው፣ ጉልቻ።

ቋንቋው ግን እምቢ አለኝ።
ስም የሌለው ክላስ አላሳድርም አለኝ።

ሌሎቹ ቋንቋዎች ደጎች ናቸው፤ ሳይሰይሙ መውለድ ይፈቅዳሉ፤
ቅንፍ ከፍተው፣ ሥራውን ነግረው፣ ቅንፍ ዘግተው ያልፋሉ።
ይሄኛው ልክ እንደ መዝገብ ቤት ሹም መነጽሩን አውልቆ፣
«ስም?» ይለኛል፣ ከመስመሩ ሥር ቀይ ቀለሙን አድምቆ።

ስሙንማ ባወጣሁ፤
ግን ለአንድ ጠቅታ ዕድሜ ማን ድግስ ይደግሳል?
ጫማውን ሳያወልቅ ለሚሄድ እንግዳ ማን አልጋ ያነጥፋል?

መጀመሪያ በብልሃት ልለፍ ብዬ ነበር፤
ክላሱን ትቼ ባዶ ተግባር ብልክ፣ ተመለሰ ከበር።
መታወቂያ የለውማ።

ቀጥዬ አንድ ቅርፊት ሠራሁ፣ አንዴ ብቻ የተሰየመ፣
የፈለገ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ገብቶ በሱ ስም የቆመ፤
ልክ አባቴ በዚያ ክረምት፣ በብርቱካን ማሸጊያው ቤት፣
ሦስት ወር በአጎቴ ካርድ እየገባ፣ «አስረስ!» ሲሉት «አቤት!»
እያለ እንደ ሠራ።
ደኅና ሄደ። እስኪበላሽ ድረስ ደኅና ሄደ።
ከዚያ አንዱ ተሰበረ። የስህተቱን ዝርዝር ባገላብጠው፣
ጥፋተኛው ሁሉ አንድ ስም ነው።
(አባቴም ያን ሣጥን ሲደፋ
የተጻፈው በአስረስ ላይ ነበር።
አስረስ እስከ ዛሬ ይቅር አላለም።)

ቅርፊቱን አፈረስኩት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የኔዋ ከተማ ደግሞ
በመላእክት ስም የተጠራች ናት፤ ከመጣ አይቀር ቀድሞ
እኔን ያገኘኛል ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ጠበቅሁ።
የቆሻሻ መኪና መጣ።
ሠራተኛው ከኋላ ተንጠልጥሎ ሲያፏጭ ሰማሁ።
በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። በዓል ሲሆን ከታች ወርዳ
እናቴ ዳቦ ትሰጠዋለች። ስሙን ግን አናውቅም፤
«ያ እንትና መጣ» እንላለን።

እንትና!

እንትን የጠፋ ዕቃ ነው፤ እንትና የጠፋ ሰው፤
ስሙ ምላስ ላይ ቆሞ አልወጣም ሲል፣ ጋቢ አድርገን የምናለብሰው።
እናቴ ስምንት ልጆቿን ስትጠራ ሲደባለቅባት፣
«አንቺ እንትና!» ስትል ሁላችንም «አቤት» የምንላት።

በላቲን ፊደል ጻፍኩት፤ ስድስት ሆኖ ተደረደረ።
ቀዩ መስመር ጠፋ። ቋንቋው ጠግቦ አደረ።

እሑድ ኢታማር ኮዱን ሲያይ፣
«ይቺ ኤንቲና ማናት?» አለኝ፣ «እህትሽ ናት?»
«አይደለችም። ስሟን የማላውቃት ሰው ናት።»
ጺሙን እያከከ ቆየ።
ሌላ ስም ሊያዝ አስቦ ነበር፤ ረጅም፣ ሥራዋን የሚያስረዳ፤
ስብሰባ ረፈደበትና አጸደቀው።

በሃኑካ ሰሞን ሌላ ነገር ስፈልግ፣ ፊቴ ድንገት ተደቀነች፤
ለአንድ ጠቅታ የወለድኳት፣ ሰባት ክላስ ወልዳ አረጀች።
ሐይፋ ያለ አንድ የማላውቀው ልጅ፣ በዕብራይስጥ፣ ከራሷ በላይ
ማስታወሻ ጽፎላታል፦
«ኤንቲናን አትንኩ።
ማን እንደሆነች አናውቅም፤ ግን ቤቱ የቆመው በሷ ላይ።»