ምላጭ የዋጠ ግድግዳ

መኝታ ቤታችን ያለው አንድ ሶኬት ነው፤
እሱም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የተደበቀው።
ቤቱን ሲሠሩ ሰዎቹ፣
በዚያ በሃምሳዎቹ፣
አንድ ሬዲዮና አንድ የራስጌ መብራት
መስሏቸው ነው መሰል የመኝታ ቤት ሀብት።

ዛሬ እንደ ቦኖ ውኃ ወረፋ አለው ጉዱ፤
የእኔ ስልክ፣ የእሷ ስልክ፣ ማሞቂያው በብርዱ፣
ከሁሉም በላይ ደግሞ የእቴነሽ መተንፈሻ፣
ሐኪም ያዘዘላት የሌሊት አየር ማድረሻ።
ኤክስቴንሽኑ በምንጣፍ ሥር ዞሮ
እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይግላል አድሮ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ለውኃ ተነሥቼ፣ በዚያ በጨለማ፣
እግሬ ገመዱን ነቀለው፤ ምንም ሳልሰማ።
ስመለስ
ማሽኑ ዝም።
እሷም ዝም።
ቆጠርኩ፤ አንድ… ሁለት… ሦስት…
ስድስት ላይ
እንደ ሰጠመ ሰው ብቅ አለች፣ አየር እየጎረሰች።
«ምን ሆንክ?» አለችኝ።
«ምንም። ተኚ።»

ሮዴልን ጠራሁት ቅዳሜ ማለዳ፤
አካፋ እንዋዋሳለን፣ በረዶ ሲሞላ የዊኒፔግ ሜዳ።
ኤሌክትሪሻን ነው። መጀመሪያ «ፈቃድ አውጥተሃል?» አለኝ፤
ወረቀቱን አሳየሁት።
ምድር ቤት ወርዶ ብሬከሩን ጣለው፤
ወጥቶ ቴስተሩን ሶኬቱ ውስጥ ከተተው።
ጠፍቷል። ደግሞ ሞከረው። ጠፍቷል። ሌላም ጊዜ።
«ጠፋ ያሉህን መብራት
እንደ ሰካራም መሐላ ቁጠረው።»

ከራስጌዋ ዝቅ፣ ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ
አራት ማዕዘን አሰመረና «ቁረጥ» አለኝ፣ መጋዝ አቀብሎ።
ነጭ ዱቄት ቅንድቤ ላይ።
ልስኑ ሲለቅ
ሺሽ አለ ግድግዳው፤
ከተቀደደ ጆንያ እንደሚወርድ ሽምብራ
ዝገት ፈሰሰ ጓንቴ ላይ።

ምላጭ።
ባለ ሁለት ስለት፣ አሮጌ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፤
መቶ፣ ሁለት መቶ… ከዚያ ቁጥሩን ተውኩት።
ሮዴል ሣቀ።
«ጀርባው መታጠቢያ ቤት ነው፤
የመድኃኒት ሣጥኑ ቀጭን ቀዳዳ ነበረው።
ሰውዬው ይላጫል፣ በቀዳዳው ይጥላል፤
ግድግዳው ይውጣል።
ከዚያስ? ከዚያማ ማን ይጠይቃል!»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።
በሳምንት አንድ ምላጭ ቢሆን፣ አልኩና አሰላሁ።
ስንት ሰኞ፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት ቀብር፣
ስንቴ አገጩን ቆርጦ፣ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎበት፣
የባቡሩን ፉጨት ሰምቶ ሲሮጥ ነበር?
ስሙን የነገረኝ የለም።
ጢመ ጠንካራ መሆኑን ግን እምላለሁ።
በቲማቲም ቆርቆሮ ለቀምናቸው፤
የቀሩት ቀሩ፤ ግድግዳው ሆድ ሰፊ ነው።

ከዚያ ሽቦው መጣ፤ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ እርቃኑን ያለው መዳብ።
ጥቁሩን ከናሱ ብሎን፣ ነጩን ከብር መሳዩ፣
እርቃኑን ከአረንጓዴው።
«አጥብቀው» ይላል ሮዴል፣
«ቤት የሚያቃጥለው የላላ ብሎን ነው።»
ካቻቢቴው መዳፌን ላጠው።

ክዳኑ ገጠመ፤ ብሬከሩ ተነሣ።
ሁለት ፊቶች፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣
ሁለት ሁለት ዐይን፣ አንዳንድ ክብ አፍ፤
በሌሊት እንደ ቀሰቀሷቸው መንታዎች
ደንግጠው አዩኝ።

እቴነሽ ከሥራ ገብታ ጎንበስ ብላ አየችው።
«ሁለት ነው?»
«ሁለት ነው።»
«የታችኛው ለማን ነው?»
«ለስልኬ» ልል ነበር፤ ዋጥኩት።
«ይቀመጥ» አለች ካፖርቷን እንደ ለበሰች፣
«እስቲ በዚህ ቤት አንድ ባዶ ነገር ይኑር።»

አሁን ሌሊት ነው፤ ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ።
ማሽኑ ይገፋል፤ ደረቷ ይነሣል፣ ይተኛል።
አልቆጥርም።
የታችኛው ፊት አፉን ከፍቶ ያየኛል።
ነገ ጠዋት ግን፣ ስላጭ፣
ምላጬን የት ነው የምጥለው?